በእምነታቸው ምክንያት የተፈናቀሉ ክርስቲያን ልጆችንና ወጣቶችን እንዴት እንደግፍ?

ጥያቄ፦ ከወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጉባኤያችን የሕፃናትና የወጣቶች አገልግሎትን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። በክርስትና እምነታቸው ምክንያት መኖሪያቸውና ጸሎት ቤታቸው ተቃጥሎባቸው ከቀያቸው የወጡ በርካታ ቤተሰቦች በአቅራቢያችን ተጠልለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምእመናኑ ሳያመነቱ ተረባርበው ምግብ፣ ልብስ፣ ብርድ ልብስና የማብሰያ ዕቃ አቅርበዋል። ወራት ሲያልፉ ግን ርዳታው እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ የቤተሰቦቹ ችግር መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የልጆቹ ነገር ነው። ከትንንሾቹ መካከል ሌሊት እየጮኹ የሚባንኑ፣ ከእናታቸው ጉያ አልለይ ያሉ፣ ቀድሞ ያልነበረባቸው የአልጋ ማርጠብ የጀመራቸው አሉ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ደግሞ ለሕፃናቱ ባዘጋጀነው መርሐ ግብር አይገኙም፣ ለአዋቂዎቹም ስብሰባ አይጠሩም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ወድቀው ቀናቸውን ያለ ሥራ ያሳልፋሉ።

በኮሚቴያችን ውስጥ ሦስት ሐሳብ ቀርቦ መስማማት አልቻልንም። አንዳንዶቹ ልጆቹ በእሑድ ጉባኤ ፊት ቀርበው የደረሰባቸውን ቢናገሩ ሕዝቡ ይነካል፣ ገንዘብም ይሰበሰባል ይላሉ። ሌሎቹ ወላጆቻቸውን ላጡና ወላጆቻቸው ማሳደግ ላቃታቸው ልጆች አንድ ቤት ተከራይተን በአንድነት እናሳድጋቸው የሚል አሳብ አላቸው። የቀሩት ደግሞ ያለንን ገንዘብ ለየቤተሰቡ አከፋፍለን የቀረውን ለራሳቸው እንተው ባይ ናቸው። ከዚህም ሌላ በዚያው መጠለያ ውስጥ ክርስቲያን ያልሆኑ ተፈናቃዮች ስላሉ ርዳታችን እነሱንም ይጨምር ወይስ አይጨምር የሚለው ጉዳይ በየስብሰባው ይነሣል። በእንዲህ ያለ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከአጠቃላይ ምክር ይልቅ በተግባር የተፈተነውን እንድታካፍሉን በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ

በተፈናቃዮች መጠለያ በሕፃናት ጥበቃ ሥራ ለዓመታት ቆይቻለሁና ከመድረኩ ጉዳይ ልጀምር፤ እዚያ ላይ የምትወስኑት ውሳኔ የቀረውን ሁሉ ይመራዋልና። ልጆቹን መድረክ ላይ አታውጧቸው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በብዙ ሕዝብ ፊት ማይክሮፎን ተይዞለት «ያን ቀን ምን አየህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሆነውን አስቡት። ሰው ሁሉ እየተመለከተው ስለሆነ እምቢ ማለት አይችልም፤ ይመልሳል። የአባቱን ነገር ሲያነሣ አዳራሹ ያለቅሳል፣ ከዚያም ሙዳየ ምጽዋቱ ይዞራል። ልጁ ከዚያ የሚረዳው ነገር ቢኖር ሰዎች የፈለጉት እሱን ሳይሆን ያየውን መከራ መሆኑን ነው። በሌላ ጊዜ ሲጠየቅ ወይ ታሪኩ ላይ እየጨመረ ይናገራል፣ ወይ ጭራሽ አንደበቱ ይዘጋል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ ርዳታ መመሪያ፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው የሆነውን ሁሉ እንዲተርክ መገፋፋት እንደማይገባ በግልጽ ያስቀምጣል። አጠገቡ መሆን፣ አሁን የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ መናገር ከፈለገ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ከቤተሰቡና ርዳታ ከሚሰጡት ጋር ማገናኘት ነው ሥራው። ይህንን ደግሞ ሐኪም ያልሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪም በአጭር ሥልጠና ሊሠራው ይችላል።

ስለ ሌሊቱ ጩኸትና ስለ አልጋ ማርጠቡ ብዙ አትደንግጡ፤ ወላጆችም እንዳይደነግጡ፣ ልጁንም እንዳይቆጡ ንገሯቸው። ከእንዲህ ያለ መከራ የወጡ አብዛኞቹ ልጆች ደኅንነት ሲሰማቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ሲሆንና ቀናቸው ሥርዓት ሲይዝ ቀስ በቀስ ይረጋጋሉ። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ የበዓል ዝግጅት ይልቅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በነዚያው አስተማሪዎች የሚካሄድ ጨዋታ፣ መዝሙርና ሥዕል እጅግ ይበልጣል። ልጁ የተቃጠለ ቤት ደጋግሞ ቢሥል ወረቀቱን አትንጠቁት፣ ትርጉሙንም አትጠይቁት፤ ሌላ ወረቀት ስጡት። ወደ ባለሙያ መላክ ያለባችሁ ምልክቱ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድበትን፣ ምግብ የተወውን፣ ጨርሶ መናገር ያቆመውን፣ ወይም ስለ መሞትና ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራውን ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ «እንጸልይለታለን» ተብሎ በጸሎት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታከልበት።

ልጆችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ማሳደግ ቅን ሐሳብ ቢሆንም አልደግፈውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ይናገራል። በተግባር የሚታየውም ይኸው ነው፤ ማሳደጊያ ሲከፈትና ምግብና ትምህርት እዚያ ብቻ ሲገኝ፣ እናት ያለችው ልጅ ሁሉ ወላጅ እንደሌለው ሆኖ ይመጣል። የቤቱን ኪራይ፣ የሞግዚቶቹን ደመወዝና የዕቃውን ወጪ ደምራችሁ ስታበቁ፣ በዚያው ገንዘብ አክስቱ ወይም አያቱ ልጁን በቤታቸው እንዲያሳድጉ መርዳት ይቻል እንደነበር ታያላችሁ። ማንም ዘመድ ያልተገኘለት ልጅ ሲኖር ደግሞ በአካባቢው ሥልጣን ላለው የሕፃናት ጉዳይ አካል ሳታሳውቁ ለማንም፣ ለታመነ ምእመንም ቢሆን፣ አሳልፋችሁ አትስጡት። መፈናቀል ባለበት ሁሉ «ሥራ አስገባታለሁ፣ አስተምራታለሁ» እያለ ወጣት ሴቶችን የሚወስድ ሰው አይጠፋም፤ አንዳንዱም መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው።

በራሳችሁም በኩል ሥርዓት አብጁ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሁን፤ አገልጋዮቹ ሁሉ የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመው ይግቡ፤ ልጆቹም ሆኑ ወላጆቻቸው ቅሬታ ቢኖራቸው የሚነግሩት፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው ይኑር።

ፎቶግራፍን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 እስላማዊ መንግሥት ነኝ ባዩ ቡድን በኢራቋ ሞሱል የክርስቲያኖችን ቤቶች «ኑን» በተባለችው የዐረብኛ ፊደል ምልክት አድርጎባቸው፣ ነዋሪዎቹ እንዲሰልሙ፣ ግብር እንዲከፍሉ ወይም እንዲወጡ፣ አለዚያ እንደሚገደሉ አስታወቀ። ዛሬ የልጁን ፊት፣ ስሙን፣ የመጣበትን መንደርና የተጠለለበትን ቦታ በአንድነት የምንለጥፍበት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ያንኑ ምልክት በገዛ እጃችን ማድረግ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ የቀሩ ዘመዶች አሉና።

መልስ፦ ከአንዲት መምህርት

የቀደመው መልስ የተሟላ ስለሆነ ስለ ትምህርት ብቻ እጨምራለሁ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ገንዘባችሁ ትልቁ ድርሻ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንደሚያስታውቀው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በግዳጅ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች 123 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 40 ያህሉ ልጆች ናቸው። ለትምህርት ከደረሱት ስደተኛ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ከፍተኛ ትምህርት የሚደርሱት ደግሞ ከመቶ 10 እንኳ አይሞሉም፤ ኮሚሽኑ ይህን እስከ 2030 ወደ 15 ለማድረስ ግብ ጥሏል። ስለ ሃይማኖት ስደት ስናወራ የተገደሉትንና የተቃጠሉትን እንቆጥራለን፤ ከትምህርት የቀረው ትውልድ ግን ማንም ሳይቆጥረው ያድጋል።

እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ በሌሊት ሲሸሽ የልጁን የክፍል ውጤት ማን ያነሣል? እናትየዋ ልጇን ይዛ መዝጋቢው ፊት ስትቀርብ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የመጨረሻው ዓመት ካርድና የመልቀቂያ ደብዳቤ ትጠየቃለች፤ ሦስቱም ከቤቱ ጋር ነደዋል። «ሂጂና ከቀድሞው ትምህርት ቤት አምጪ» ትባላለች፤ ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ወደዚያ መሄድ ሞት ነው። እንደ ማኅበረሰብ ልትሠሩት የምትችሉት ጠቃሚ ነገር ከቤተሰቡ ጋር አብሮ መሄድ፣ ልጁ በፈተና ደረጃው ተለይቶ እንዲገባ ርእሰ መምህሩን ማነጋገር፣ ያስተማረው መምህር ከተፈናቃዮቹ መካከል ካለ የጽሑፍ ምስክርነት ማስገኘት ነው። ጉባኤው በአካባቢው የተከበረ ስም ካለው ያ ስም የሚውለው ለዚህ ይሁን።

ሁለትና ሦስት ዓመት ያመለጣቸውን ታዳጊዎች ከትንንሾች ጋር አንድ ክፍል ማስቀመጥ ግን አይሠራም፤ ያፍራሉ፣ ይቀራሉ። ለእነሱ የተዘጋጀው የተፋጠነ ትምህርት ነው፤ ይህም ከ10 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ትምህርት ላቋረጡ ልጆች የበርካታ ዓመታትን ትምህርት አሳጥሮ በመስጠት ወደ መደበኛው የሚመልስ አሠራር ነው። መጠለያው አካባቢ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ራሳችሁ አዲስ ከመጀመር እነሱን አግዙ፤ ከሌለ ደግሞ ከተፈናቃዮቹ መካከል መምህር የነበሩትን ፈልጋችሁ መጠነኛም ቢሆን ደመወዝ ክፈሏቸው። ተፈናቃይ መምህር ሲቀጠር ልጆቹ የሚያውቁት ቋንቋና ፊት ያገኛሉ፣ የእሱም ቤት ይተዳደራል።

የሌሎች ተሞክሮ ይረዳችሁ እንደሆነ ሁለት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በሰሜን ኢራቅ ያሉት የነነዌ ሜዳ ከተሞች፣ ከእነዚህም ትልቋ ቀራቆሽ፣ በአንድ ሌሊት ባዶ ሲሆኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች ወደ ኤርቢልና በዳርቻዋ ወዳለችው አንካዋ ፈለሱ፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ፣ በድንኳንና ባልተጠናቀቁ ሕንፃዎች ተጠለሉ። የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ግን በመጠለያ ብቻ አላበቃም፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ2015፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በኤርቢል መሠረተ። ወጣቱ የነገ ተስፋ ካላየ አገሩን ጥሎ እንደሚሄድ ስለ ተረዱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የሌላ እምነት ተማሪዎችን ይቀበላል። በሌላ በኩል ማሌዥያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስላልፈረመች ከምያንማር የተሰደዱት፣ አብዛኞቹ ክርስቲያን የሆኑት፣ የቺን ሕዝብ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ማኅበረሰቡ ራሱ፣ ብዙ ጊዜም በአብያተ ክርስቲያናት አማካይነት፣ የመማሪያ ማዕከላት ከፍቷል። ማዕከላቱ ዕውቅና ያለው የምስክር ወረቀት ለመስጠት ይቸገራሉና፣ እናንተም ከመነሻው ልጁ በመጨረሻ የሚይዘው ወረቀት የት ዋጋ እንደሚኖረው ጠይቁ።

ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ወንዱ ልጅ ቀን ሥራ ከገባ፣ ሴቷ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ቤት ከቀረች ወይም ለጋብቻ ከታጨች፣ ደብተርና ቦርሳ ማደል ትምህርት ቤት አይመልሳቸውም። ቤተሰቡ ከልጁ ድካም የሚያገኘውን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ እናትየው ገቢ የምታገኝበት ሥራ፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ድጎማ። በዓል ጠብቆ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ሳይቋረጥ የሚመጣ ጥቂት ይሻላል።

መልስ፦ በወጣትነቱ ከተፈናቀለ

የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛዋን ሐሳብ ስለ ትንንሾቹ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ወጣቶቹ ግን በከፊል አልስማማም። እኔ ስፈናቀል አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ማንም መድረክ ላይ አላወጣኝም፤ ነገር ግን የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። የተቀበሉን ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ስለ ሆነው ነገር ሲነሣ ወሬ ይለውጡ ነበር፣ እኔም ያየሁት ነገር የሚያሳፍር መስሎኝ ነበር። ስለዚህ «እንዳይናገሩ» የሚለው ጥንቃቄ «አትናገሩ» ወደሚል ዝምታ እንዳይለወጥ እለምናችኋለሁ። ወጣቱ መቼ፣ ለማንና ምን ያህል እንደሚናገር ራሱ ይወስን። ካልተናገረ ድጋፉ እንደማይቋረጥበት አስቀድሞ በግልጽ ይነገረው፤ ነጻ ምርጫ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ እምነታችን ነው። ሰዎች ስለ ክርስቶስ የተሰደደ ሁሉ እምነቱ የጠነከረ ይመስላቸዋል፣ እንደ ሰማዕት ያዩናል። ከእኛ መካከል ግን መጸለይ ያቃተው ነበር፤ «እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ መሣሪያ ይዞ ተመልሶ ለመበቀል የሚያስብም ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጥቅስ ጠቅሶ በችኮላ መዝጋት ወጣቱን ከቤተ ክርስቲያን ያርቀዋል። ለእኔ የጠቀመኝ አንድ የወጣቶች አገልጋይ ነው፤ መልስ ስለነበረው አልነበረም፤ ቁጣዬን ሳይደነግጥ ስለሚሰማኝ፣ ደግሞም በሳምንቱ ስለሚመለስ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ «ስለ ምን ተውኸኝ» የሚል ጸሎት እንዳለ ያሳየኝ እሱ ነው። በቀልን በተመለከተ ደግሞ ቸል አትበሉ፤ ያጠቁን ሰዎች ወገን የሆነ ሁሉ ጠላት ነው የሚለው ወሬ በመጠለያ ውስጥ በፍጥነት ይዛመታል፤ አንዳንድ አዋቂዎችም ያራግቡታል። እኛን ሸሽገው ያወጡን ሰዎች የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ይህንን በመጠለያው ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው፣ ወጣቶቹን ተረጂ ብቻ አታድርጓቸው። በምግብ ዕደላ ላይ ስም የሚመዘግበው፣ ለትንንሾቹ ንባብ የሚያስተምረው፣ ለአዛውንቶቹ የሐኪም ቤት ወረቀት የሚያነብላቸው፣ መዘምራኑን የሚያሰባስበው ከእነሱ መካከል ይሁን። በኮሚቴያችሁ ውስጥ ከተፈናቃዮቹ ወጣቶች ሁለት፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ድምፅ ያላቸው አባላት ሆነው ይቀመጡ። የሌለ ሰው ስለሚፈልገው ነገር መገመት ቀላል ነው፤ እሱ ተቀምጦ እያለ ግን ይከብዳል።

መልስ፦ ከሕግ ባለሙያ

ስለ ሰነድና ስለ መብት የተነሣውን ልጨምርበት። በመጀመሪያ ቤተሰቦቹ ድንበር ተሻግረው እንደሆነ ወይም በገዛ አገራቸው ውስጥ እንደሆኑ መለየት ያስፈልጋል፤ የሚጠብቃቸው ሕግ የተለያየ ነው። ድንበር የተሻገረ ሰው በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትና በ1967ቱ ፕሮቶኮል ይዳኛል። ስምምነቱ የሚቆጥራቸው የስደት ምክንያቶች አምስት ናቸው፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የተወሰነ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። አንቀጽ 4 ስደተኞች ሃይማኖታቸውን በመፈጸምና ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው በማስተማር ረገድ ቢያንስ ከአገሩ ዜጎች ያላነሰ አያያዝ እንዲያገኙ ያዛል። በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለ ሰው ግን በመጀመሪያ የገዛ መንግሥቱ ኃላፊነት ነው፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡት የአገር ውስጥ መፈናቀል መሪ መርሆዎች አሉ፤ በአፍሪካ ደግሞ በ2009 የጸደቀውና በ2012 በሥራ ላይ የዋለው የካምፓላ ስምምነት ላጸደቁት መንግሥታት አስገዳጅ ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ደግሞ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለሚያድግ ልጅ መኖሪያ ሲመረጥ የሃይማኖቱ፣ የባህሉና የቋንቋው ቀጣይነት ግምት ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃል፤ ከአካባቢ ባለሥልጣናት ጋር ስትነጋገሩ ይህን ጥቀሱ።

ጥገኝነት ለሚጠይቁት ወጣቶች አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ፤ ቃለ መጠይቅ። ጠያቂው መኰንን ስለ እምነቱ ዝርዝር ትምህርት ሲጠይቀው፣ ከልጅነቱ በስውር ሲያመልክ የኖረ ወጣት የማይመልሰው ነገር ይበዛል። በኤርትራ ለምሳሌ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከሱኒ እስልምና ውጭ ያሉትን የሃይማኖት ማኅበራት ዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ተደብቆ የጸለየ ልጅ የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ በእጁ ይዞ አልተማረም። የስደተኞች ኮሚሽን በ2004 ስለ ሃይማኖት ነክ የጥገኝነት ጥያቄዎች ያወጣው መመሪያ፣ የእውቀት ጥያቄ ብቻ እውነተኛነትን እንደማይለይ፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃም መታየት እንዳለባቸው፣ ሰውየውም እምነቱን ደብቆ እንዲኖር ሊጠበቅበት እንደማይገባ ይገልጻል። የእናንተ ድርሻ ወጣቱን መልስ ማስሸምደድ አይደለም፤ የተሸመደደ መልስ ወዲያው ይታወቃል፣ እውነተኛውንም ጉዳይ ያበላሻል። ይልቅ የሆነውን በቅደም ተከተል፣ በራሱ ቃል፣ በተረጋጋ ቦታ፣ የሕግ ባለሙያ ባለበት እንዲያዘጋጅ እርዱት።

የጥምቀት ወይም የአባልነት ደብዳቤ ስትጽፉ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቁት፣ በምን አገልግሎት እንደተሳተፈ። ያላያችሁትን በርኅራኄ ተገፋፍታችሁ ብትመሰክሩና ቢታወቅ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ደብዳቤያቸው አይታመንም። ወደ አደገኛ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ይህን ወረቀት በኪሱ ይዞ አይጓዝ፤ ቅጂው በታመነ ሰው ዘንድ ወይም በተቆለፈ የኢሜይል ሳጥን ይቀመጥ።

ክርስቲያን ያልሆኑትን በተመለከተ፣ የቀይ መስቀልና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በ1994 የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ ርዳታ የሚሰጠው በፍላጎት መጠን ብቻ እንጂ በሃይማኖት ልዩነት እንዳልሆነ፣ ርዳታውም የሃይማኖት አቋምን ለማስፋፋት እንደማይውል ይደነግጋል። የእናንተ አገልግሎት ለእምነት ቤተሰቦቹ የተለየ መንፈሳዊ እንክብካቤ መስጠቱ ተገቢ ነው፤ ለምግቡ፣ ለመድኃኒቱና ለትምህርቱ ግን በአንድ መጠለያ ውስጥ ያሉትን ልጆች በእምነት መለየት ስሕተት ከመሆኑም በላይ ለራሳቸው ለክርስቲያኖቹ አደጋ ነው። ጎረቤቱ ሲራብ እሱ እየተቀበለ ያለ ቤተሰብ በመጠለያው ውስጥ የጥላቻ ዒላማ ይሆናል።

ጠያቂው፦ ምስጋናና አንድ ተጨማሪ ጥያቄ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለ መለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አነበብኩ። የመድረኩ ዕቅድ ተሰርዟል፤ ቤት የመከራየቱም ሐሳብ ቀርቶ ልጆቹን ለያዙት ዘመዶች በየወሩ ድጎማ እንዲሰጥ ተወስኗል። ከተፈናቃዮቹ መካከል ሁለት መምህራን ስላገኘን የንባብና የሒሳብ ትምህርቱ በቅርቡ ይጀመራል፤ ሁለት ወጣቶችም ወደ ኮሚቴው ገብተዋል። ሲገቡ መጀመሪያ ያነሡት ነገር እኛ ያላሰብነውን ነው፤ ምግብ በሚታደልበት ሰልፍ ላይ እናቶቻቸው በፀሐይ ለረጅም ሰዓት መቆማቸው እንደሚያሳዝናቸው፣ ዕደላውም በየተራ ሰዓት ተሰጥቶ እንዲሆን ጠየቁ።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ ለመስጠት ቃል የገቡ አንድ ለጋሽ የእያንዳንዱን ልጅ ፎቶግራፍ፣ ስምና አጭር ታሪክ ካልላክንላቸው እንደማይሰጡ ነግረውናል። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ድጎማ የሚሸፍን ስለሆነ እምቢ ማለት ከብዶናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ

ብዙ ለጋሾች እንዲህ የሚጠይቁት ከክፋት አይደለም፤ ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ያም መብታቸው ነው። ስለዚህ እምቢ ከማለታችሁ በፊት የሚያረካቸውን ሌላ ነገር አቅርቡላቸው። ስንት ልጆች ትምህርት እንደተመዘገቡና ስንቱ እንደቀጠሉ የሚያሳይ የሦስት ወር ዘገባ፣ ደረሰኞች፣ ፊትና ቦታ የማይለይባቸው የመማሪያ ክፍል ፎቶግራፎች፣ ልጆቹ ፈቅደው የሰጧቸው ስም የሌላቸው ሥዕሎች ይላኩላቸው። ከተቻለም እሳቸው የሚያምኑት ሰው መጥቶ ሥራውን በዐይኑ ይይ። ፎቶግራፍና ስም የማይላክበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ የቀሩት ዘመዶች ደኅንነት ዋናው ነጥብ ይሁን፤ ደብዳቤውንም የኮሚቴው ሰብሳቢና ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ይፈርሙበት።

ይህ ሁሉ ቀርቦላቸው ካልተቀበሉ ገንዘቡ ይቅርባችሁ። በድጎማው የተነሣ ለአንድ ዓመት ቃል የገባችሁላቸው ቤተሰቦች ካሉ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሳይደርስ፣ ጉባኤው ከራሱ ሊሸፍን የሚችለው ስንቱን እንደሆነም አብራችሁ አስታውቋቸው።